ከሩቅ የተማረ እጅ

ዕውቀት ሁሉ በአንድ መንገድ አይተላለፍም። ሒሳብን በደብዳቤ መማር ይቻላል፤ ብዙ ሰውም ተምሮታል። ዋናን በደብዳቤ ተምሮ ወንዝ የገባ ሰው ግን ዘመዶቹን ማስለቀሱ አይቀርም። ሕመምተኛን ማስታመም ከእነዚህ ከሁለቱ ወደ የትኛው ይጠጋል? ጥያቄው የቆየ ነው፤ ዛሬ ግን በአሜሪካ ነርሶች ዘንድ አዲስ መልክ ይዞ ተነሥቷል። በዚያ አገር አንዲት ነርስ የሌሊት ተራዋን ጨርሳ፣ ልጆቿን ወደ ትምህርት ቤት ሸኝታ፣ በማድ ቤቷ ጠረጴዛ ላይ ኮምፒዩተሯን ከፍታ የዶክትሬት ትምህርቷን ትከታተላለች። መምህሯ ያለው በሌላ ግዛት ነው፤ የክፍል ጓደኞቿም በየአቅጣጫው ተበትነዋል። ዩኒቨርሲቲውን በዓይኗ የምታየው ምናልባት በዓመት ለጥቂት ቀናት፣ አንዳንዴም በምረቃዋ ዕለት ብቻ ነው። በመጨረሻ የምትቀበለው ማዕረግ ግን በሙያዋ የመጨረሻውን እርከን መርገጧን፣ በሕመምተኛ ፊት የምትታመን መሆኗን የሚመሰክር ነው።

ይህ ዶክትሬት ከተለመደው ፒ.ኤች.ዲ. ይለያል። ፒ.ኤች.ዲ. የሚሠራ ሰው አዲስ ዕውቀት እንዲያፈልቅ ይጠበቅበታል። የነርስነት ሙያ ዶክትሬት የሚሠራው ደግሞ ሌሎች ያፈለቁትን ዕውቀት እስከ ሕመምተኛው አልጋ ማድረስ ነው ድርሻው፤ አሜሪካኖቹ ራሳቸው ለዚህ ሥራ የሚጠቀሙበት ቃል «መተርጐም» የሚል ነው። ቃሉ በአጋጣሚ የተመረጠ አይመስልም። ተኝቶ የሚውል በሽተኛ በየጊዜው ካልተገላበጠ ገላው እንደሚቆስል የማያውቅ ነርስ የለም፤ ሆኖም በሽተኞች ይቆስላሉ። ዕውቀቱ አለ፣ ቁስሉም አለ፤ በሁለቱ መካከል ያለው ክፍተት ከየት መጣ? የሠራተኛ ማነስ ነው? የልማድ ኃይል ነው? ወይስ ማን መቼ እንደሚያገላብጥ ያልተነገረ መሆኑ ነው? የዶክትሬት ተማሪዋ የመጨረሻ ሥራ እንዲህ ያለውን ክፍተት መርምሮ ማጥበብ ነው። ለዚህም ስታቲስቲክስ፣ የበሽታ ሥርጭት ጥናት፣ የጤና ፖሊሲና የአመራር ትምህርት ትማራለች። እነዚህ ሁሉ በኮምፒዩተር ሊማሩ የሚችሉ ናቸው፤ በዚህ ላይ ክርክር የለም።

ታሪኩ ረጅም አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1965 ነርሷ ሎሬታ ፎርድና የሕፃናት ሐኪሙ ሄንሪ ሲልቨር በኮሎራዶ ዩኒቨርሲቲ የመጀመሪያውን የነርስ ፕራክቲሽነር ሥልጠና ጀመሩ፤ ሐኪም በማይደርስበት ሥፍራ ነርሷ ራሷ ሕፃኑን መርምራ እንድትረዳ ለማብቃት ነበር። በ2001 የኬንታኪ ዩኒቨርሲቲ የነርስነት ሙያ ዶክትሬት የሚባለውን ትምህርት ከፈተ። በ2004 የአሜሪካ የነርሲንግ ኮሌጆች ማኅበር ለከፍተኛ ነርሶች የሚሰጠው ትምህርት እስከ 2015 ድረስ ወደ ዶክትሬት ደረጃ እንዲያድግ ወሰነ። 2015 መጣና አለፈ፤ በአብዛኛዎቹ የሙያ ዘርፎች ዛሬም የማስተርስ ዲግሪ ለሥራ ፈቃድ ይበቃል። ማደንዘዣ የሚሰጡ ነርሶች ብቻ ከ2022 ወዲህ ትምህርት የሚጀምሩ ከሆነ በዶክትሬት መመረቅ ግድ ሆኖባቸዋል። እንግዲህ ከተማሪዎቹ ብዙዎቹ ሕግ ሳያስገድዳቸው የሚማሩ ናቸው። አንዷ ለደመወዝ፣ ሌላዋ ለማስተማር፣ ሌላዋም ለስሟ ትማር ይሆናል። ሰው ለእንጀራውም ሆነ ለክብሩ ቢማር ነውር የለበትም።

«የርቀት ትምህርት» የሚለው ሐረግ በእኛ አካባቢ ጆሮ ላይ ጥሩ ድምፅ የለውም። የሰማው ሰው መጀመሪያ የሚያስበው በገንዘብ የተገዛ ወረቀት ነው። ጥርጣሬው ከባዶ ሜዳ የተነሣ ባይሆንም ጥፋቱን የሚፈልግበት ቦታ ግን ትክክል አይደለም። ነገሩን ለማየት ወደ ምሥራቅ ኬንታኪ ተራሮች መሄድ ይበጃል። ሜሪ ብሬክንሪጅ የተባሉ ነርስ በ1925 በዚያ መንገድ በሌለው አገር ፍሮንቲየር የተባለውን የነርሶች አገልግሎት አቋቋሙ፤ ነርሶቹ በፈረስ ወንዝ እየተሻገሩ ያዋልዱ ነበር። ከመካከላቸው ብዙዎቹ ከብሪታንያ የመጡ ስለነበሩ የዓለም ጦርነት ሲነሣ ወደ አገራቸው ተመለሱ፤ በዚህ ምክንያት በ1939 እዚያው ተራራው ላይ የአዋላጆች ትምህርት ቤት ተከፈተ። ይህ ትምህርት ቤት በ1989፣ ኢንተርኔት በየቤቱ ከመግባቱ አስቀድሞ፣ በርቀት ማስተማር ጀመረ። ምክንያቱ ቀላል ነበር። ከሩቅ ገጠር ለትምህርት የወጣች ነርስ ተመልሳ መምጣቷ ያጠራጥራል፤ ብትመለስም እስክትመለስ ድረስ አገሩ አዋላጅ የለውም። ስለዚህ ነርሷ ወደ ትምህርት ቤቱ ከምትሄድ ትምህርት ቤቱ ወደ ነርሷ ይሂድ ተባለ። ዛሬ ዩኒቨርሲቲ ሆኖ በዚሁ መንገድ ዶክትሬት ይሰጣል።

አሳቡ ለምሥራቅ አፍሪካም እንግዳ አይደለም። በ2005 አምሬፍ ከኬንያ የነርሶች ምክር ቤት ጋር ሆኖ በሰርተፊኬት የሚሠሩ ነርሶች በኮምፒዩተር እየተማሩ ወደ ዲፕሎማ እንዲያድጉ የሚያስችል ሥራ ጀምሯል። በሺህ የሚቆጠሩ ነርሶች በአንድ ጊዜ ለትምህርት ቢወጡ በክፍሉ ውስጥ ማን ይቀራል? በሁለቱም አገር ከመምህሩ መራቅ ከሕመምተኛው ላለመራቅ የተከፈለ ዋጋ ነበር። በዋሽንግተን ዙሪያ ወይም በሚኒያፖሊስ የሚኖሩ ኢትዮጵያውያን ነርሶችም ይህን ያውቁታል። ከመካከላቸው ብዙዎቹ በየቤቱ አረጋውያንን እየጦሩ የጀመሩ፣ ቀን ሠርተው ማታ ተምረው ደረጃ በደረጃ ያደጉ ናቸው። አገር ቤት በየወሩ ገንዘብ የሚጠብቅ ቤተሰብ ያለው ሰው ሥራ አቋርጦ ዩኒቨርሲቲ ግቢ ሊቀመጥ አይችልም። የርቀት ትምህርት ባይኖር ለእነዚህ ሰዎች ዶክትሬት የሚባል ነገር አይታሰብም ነበር።

ይህ ሁሉ ግን ዋናውን ጥያቄ አይመልስም፤ እጅ ከሩቅ ይማራልን? አፍላጦን «ፋይድሮስ» በተባለው ድርሰቱ፣ ከመጽሐፍ ጥቂት ስለሰማ ወይም መድኃኒት እጁ ስለገባ ብቻ ሐኪም የሆንኩ መሰለኝ ስለሚል ሰው በፋይድሮስ አንደበት ያነሣል። የጥንቱ ሰው የሚያሠጋው መጽሐፍ ነበር፤ መጽሐፍም የርቀት ትምህርት ነውና። በእኛው አገር የድጓ ትምህርት ከዚህ የጠለቀ ምሳሌ ይሰጣል። በ16ኛው መቶ ዓመት በአዛዥ ጌራና በአዛዥ ራጉኤል ተሠራ የሚባለው የዜማ ምልክት ከፊደሉ በላይ ተጽፎ ይገኛል፤ ድምፁ የት እንደሚወጣ፣ የት እንደሚረግጥ፣ የት እንደሚሰበር ያሳያል። ምልክቱ ሁሉ እያለም ተማሪው መምህሩ እግር ሥር ለዓመታት ይቀመጣል፤ ለማስመስከርም ጋይንት ቤተልሔም ድረስ ይጓዛል። ምልክቱ ለማያውቀው አይዘምርም፤ የሚያስታውሰው ቀድሞ በጆሮው የሰማውን ነው።

የነርስም ዕውቀት ብዙው እንደ ድጓው ነው። ፓትሪሺያ ቤነር በ1984 ባሳተሙት መጽሐፍ ነርስ ከጀማሪነት እስከ ሊቅነት በአምስት ደረጃ እንደምታድግ፣ ጀማሪዋ በደንብ ስትመራ ሊቂቱ ግን ሁኔታውን እንደ አንድ ሙሉ ነገር እንደምታይ አስረድተዋል። ልምድ ያላት ነርስ ክፍሉ በር ላይ ቆማ «ይህ ሰው ዛሬ ደኅና አይደለም» ትላለች፤ መሣሪያው ገና ምንም አላለም። ምን እንዳየች ብትጠየቅ የቆዳውን ቀለም፣ የትንፋሹን አወጣጥ፣ ብርድ ልብሱን የሚነካካበትን ሁኔታ ትቆጥር ይሆናል፤ ያየችው ግን ከቆጠረችው ይበልጣል። ይህ ዕውቀት በመስኮት መስታወት በኩል እንደሚታይ እሳት ነው፤ ብርሃኑ ያልፋል፤ ሙቀቱ ግን እዚያው ይቀራል።

በ2020 ወረርሽኙ በተስፋፋ ጊዜ በብዙ አገር ዘመድ ወደ ሆስፒታል እንዳይገባ ተከለከለ፤ ሰዎች እናትና አባታቸውን የተሰናበቱት በስልክ ምስል ነበር። ያን ስልክ በሕመምተኛው ፊት ይዛ የቆመችው ግን ነርስ ናት፤ ጓንት ባጠለቀ እጇ። ሩቅ ያለው ሰው ቅርብ የመሰለው ሌላ ሰው በቅርብ ስለቆመለት ነው።

በኢንተርኔት የሚሰጠውም የነርስነት ትምህርት የቆመው በዚሁ ላይ ነው። ትምህርት ቤቱ ከሩቅ ሊያስተምረው የማይችለውን ክፍል ያስተምርልኝ ብሎ የሚልከው ተማሪዋ ወደምትኖርበት ከተማ ክሊኒክ ነው። እዚያ «ፕሪሴፕተር» የምትባል የተግባር መምህርት አለች፤ እሷም ሥራ ላይ ያለች ነርስ ወይም ሐኪም ናት። በቀን የምታያቸው ሕመምተኞች ተቆጥረው ተሰጥተዋታል፤ ተማሪ ባጠገቧ ሲኖር ግን እያንዳንዱ ምርመራ ይረዝማል። ተማሪዋ የልብ ምት ታዳምጣለች፤ መምህርቷ ከኋላዋ ደግማ ታዳምጣለች። ተማሪዋ ሆድ ትዳስሳለች፤ መምህርቷ እጇን ያዝ አድርጋ «እዚህ፣ ትንሽ ጠለቅ አድርጊው» ትላለች። ይህች ሴት ብዙ ጊዜ የሚከፈላት ነገር የለም። በብዙ ትምህርት ቤቶችም ተማሪዋ መምህርቷን ራሷ ፈልጊ ትባላለች፤ ከክሊኒክ ክሊኒክ እየደወለች፣ እየተለማመጠች ትፈልጋለች። በክፍያ የሚያገናኙ ድርጅቶች እስከ መፈጠር ደርሰዋል። ጆርጂያ፣ ሜሪላንድና ሃዋይ ለእንደዚህ ያሉ መምህራን የግብር ቅናሽ ደንግገዋል፤ መልካም ነገር ነው፤ ሆኖም ትምህርት ቤቱ የሚሰበስበውን ክፍያ ግብር ከፋዩ ሕዝብ እንደሚያካክስ ልብ ማለት ያስፈልጋል።

የአብነት ተማሪ ለመምህሩ ውሃ ይቀዳል፤ እንጨት ይለቅማል፤ የለመነውን ቁራሽ ያካፍላል። ዕዳው በዓይን ይታያል። እዚህ ግን ገንዘቡ በአንድ በር ይገባል፤ የእጅ ዕውቀቱ በሌላ በር ይመጣል። በዲፕሎማው ላይ የፕሬዚዳንቱና የዲኑ ፊርማ አለ፤ እጇን ይዛ ያስዳሰሰቻት ሴት ስም የለበትም። የርቀት ትምህርት ነቀፋ ካለበት ነቀፋው እዚህ ላይ ነው። በአካል መገኘትን አላስቀረም፤ ሸክሙን ስሙ ወደማይጠራ ሰው አዛወረው እንጂ።

መምህርቷ ግን እሷም በተራዋ በነፃ ተምራለች ይባል ይሆናል። እውነት ነው፤ ብድር በምድር ነው። የተማረችው ነገ ሌላዋን ታስተምራለች፤ እንዲህ እያለ ከእጅ ወደ እጅ ይተላለፋል። ችግሩ ይህ ሰንሰለት የሚቀጥለው የተማረችው ሴት አልጋው አጠገብ ከቆየች ብቻ መሆኑ ነው። ዶክትሬቱ ደግሞ ብዙ ጊዜ ከአልጋው ያርቃል፤ ወደ ቢሮ፣ ወደ ስብሰባ፣ ወደ ዩኒቨርሲቲ ያሻግራል። ከትምህርቱ አሠራር ውስጥም ይህ ይታያል። በ2006 የወጣው የኮሌጆቹ ማኅበር መመዘኛ ከመጀመሪያ ዲግሪ በኋላ ቢያንስ 1,000 የተግባር ሰዓት ይጠይቅ ነበር፤ በ2021 የተሻሻለው ደግሞ ብቃትን በማስቀደም ዝቅተኛውን 500 ሰዓት አድርጎታል። ለነርስ ፕራክቲሽነር ተማሪዎች በ2022 የወጣ ሌላ መመዘኛ በቀጥታ ሕመምተኛ የሚታይበት 750 ሰዓት ይላል። ማስተርሷን ቀድማ የያዘች ተማሪ ግን ለዶክትሬቱ የምትሞላው ሰዓት ብዙ ጊዜ ኮሚቴ በመቀመጥ፣ መዝገብ በመመርመርና የሠራተኛ ሥልጠና በማዘጋጀት የሚያልፍ ነው። «የተግባር» በተባለ ዶክትሬት ውስጥ አንድም የታመመ ሰው ሳይነኩ ሰዓት መሙላት መቻሉ ቢያንስ ሊያሳስብ ይገባል።

እዚህ ላይ ፍሎሬንስ ናይቲንጌልን የሚጠቅስ ተከራካሪ አይጠፋም፤ መጥቀሱም ተገቢ ነው። ናይቲንጌል ከክሪሚያ ጦርነት በ1856 ከተመለሱ በኋላ በሕመም ምክንያት አብዛኛውን ዕድሜያቸውን ያሳለፉት በክፍላቸው ውስጥ ነው። የሠሩት ሥራ በደብዳቤ፣ በሪፖርትና በቁጥር ሠንጠረዥ ነበር። ረግጠዋት በማያውቋት በሕንድ የነበረውን የጦር ሠራዊት የጤና ሁኔታ ከአልጋቸው ሆነው መርምረዋል። ስንት ሰው በእጃቸው ካስታመሙት ይልቅ በብዕራቸው ድኖ ይሆን? ስለዚህ ከአልጋ መራቅ ሁሉ ሕመምተኛን መክዳት አይደለም። ሆኖም ናይቲንጌል ቁጥሩን ከመጻፋቸው በፊት በስኩታሪ ሆስፒታል ወለል ላይ የተኙትን ወታደሮች አይተዋል። ሠንጠረዡ ውስጥ ያለው ቁጥር ለእሳቸው ፊት ነበረው። በኮምፒዩተር ስታቲስቲክስ የምትማረው ነርስም ዐሥርና ሃያ ዓመት በሽተኛ ያገላበጠች ከሆነች ቁጥሩ ለእሷም ፊት ይኖረዋል። አሁን አሁን ግን ከመጀመሪያ ዲግሪ በቀጥታ፣ ብዙ ሳይሠሩ ወደ ዶክትሬት መሻገር የሚቻልባቸው ትምህርት ቤቶች አሉ። ሥጋቱ የሚበረታው ለእነዚህ ነው።

ስለ ማዕረጉ ስም የሚነሣው ክርክር ከዚህ ይቀልላል፤ ጩኸቱ ግን የበዛው በእሱ ላይ ነው። «ዶክተር» በላቲን አስተማሪ ማለት ነበር፤ «ነርስ» ከመመገብ፣ ከማጥባት የወጣ ቃል ነው፤ «ሐኪም» ጥበብን ከሚያመለክት ሴማዊ ሥር ይመጣል፤ የእኛው «ማስታመም» ደግሞ ከ«መታመም» የተወለደ ነው። ቃላቱ ከጥንት ቦታቸው ስለተነሡ በትርጓሜ ብቻ ማንንም መርታት አይቻልም። በካሊፎርኒያ ሕግ በሕክምና ቦታ «ዶክተር» መባል ለተወሰኑ ባለ ፈቃዶች የተጠበቀ ነው፤ ዶክትሬት ያላቸው ሦስት ነርሶች በ2023 ሕጉን በፌዴራል ፍርድ ቤት ተቃውመው ከሰሱ፤ በ2025 ፍርድ ቤቱ ለግዛቲቱ ፈረደ። ነርሶቹ የደከሙበትን ስም መነጠቃቸው ቅር ቢያሰኛቸው አይፈረድባቸውም። ይሁን እንጂ በክሊኒክ ውስጥ ስም የሚያገለግለው ሕመምተኛውን ነው። ሕመምተኛው «ዶክተር መጣ» ሲባል የሚገባው አንድ ነገር አለ፤ ያ የገባው ነገር እውነት ካልሆነ የተናጋሪዋ ዲፕሎማ እውነት መሆኑ ለእሱ ምንም አያደርግለትም። «ዶክተር እገሊት ነኝ፤ ነርስ ነኝ» ብሎ ሁለቱንም በአንድ ትንፋሽ መናገር ከባድ አይደለም፤ ይህን የሚያደርጉም ብዙ ናቸው።

እስካሁን ስለ ተማሪዋ፣ ስለ ትምህርት ቤቱና ስለ ተግባር መምህርቷ ተነገረ። አንድ የተረሳ ወገን አለ። የስኳር ሕመሟን ልትታይ የመጣች አንዲት አሮጊት፣ ሳታስበው የአንድ ሩቅ ዩኒቨርሲቲ መማሪያ ክፍል ሆናለች። እግሯን የሚዳስሱት ሁለት ሰዎች ናቸው፤ ጥያቄው ሁለት ጊዜ ይጠየቃል፤ ጊዜዋ ይወሰዳል። ካንት ሰው የሌላው ዓላማ መሣሪያ ብቻ ተደርጎ እንዳይያዝ አጥብቆ ያስጠነቀቀው እንዲህ ላለው ነገር ነው። ቁም ነገሩ «ብቻ» በሚለው ቃል ላይ ነው። አሮጊቷ ማስተማሪያ መሆኗ አይቀርም፤ ሁላችንንም ያከመን ሰው በአንድ ሰው አካል ላይ ተምሯል። መሣሪያ ብቻ የምትሆነው ሳትጠየቅ ስትቀር ነው። ስለዚህ ደግ የሆነች መምህርት ተማሪዋን ከሁሉ አስቀድማ የምታስተምራት የልብ ማዳመጫውን አያያዝ ሳይሆን በሩ ላይ የሚባለውን ነው፤ «እናቴ፣ እኔ ነርስ ነኝ፤ ለዶክትሬት የምማር ተማሪ ነኝ። ዛሬ እኔ ልይዎት ይፈቅዳሉ? ባይፈቅዱም ቅር አይለኝም።»

አንዳንዷ ትፈቅዳለች፤ እግሯንም ዘርግታ ስለ ልጆቿ ትተርካለች። አንዳንዷ ደግሞ ዛሬ አሟታል፤ ደክሟታል፤ ለማንም መማሪያ መሆን አትፈልግም፤ «አይሆንም» ትላለች። ያን ጊዜ ተማሪዋ አመስግና ትወጣለች፤ በሩን ቀስ አድርጋ ትዘጋለች፤ መምህርቷ እስክትጨርስ ኮሪደሩ ላይ ቆማ ትጠብቃለች። በሰዓት መመዝገቢያዋ ላይ የምትጽፈው ነገር የለም።